እናቴን ሰርጉ ላይ ያስቀመጥኩበት ሰማያዊ አንሶላ

የታናሽ ወንድሜ ሰርግ ሊሙ ገነት፣ በሙሽራዋ ቤተሰቦች ግቢ ነበር። እናታችን አልመጣችም። ከሰርጉ ሁለት ሳምንት በፊት መታጠቢያ ቤት ወድቃ እግሯ ስለተሰበረ፣ ጅማ፣ አወቱ መንደራ ሰፈር ያለው ቤታችን ተኝታ ቀረች። እኔ ሄጄ ቪዲዮ ቀረፅኩ። ሥራዬ ሒሳብ ማስተማር ነው፤ ቪዲዮ ማቀናበር ራሴን ያስተማርኩት ነገር ነው፣ ለጎረቤት ልደትና ምርቃት እሠራለሁ።

የእማ ጄሶ ከተፈታ በኋላ ወንድሜ ደወለ።

«እማ የሌለችበትን ሰርግ ለልጆቼ አላሳይም፤ በኮምፒውተር አስገቢያት» አለኝ።

«እንዴት አድርጌ?»

«ግሪን ስክሪን የሚሉት አለ አይደል? ዜና አንባቢዎቹ ከኋላቸው ከተማ የሚያመጡበት።»

ስሙን እንጂ አሠራሩን አላውቅም ነበር። ሳጠናው ቀላል መሰለኝ። ሰውን አረንጓዴ ጨርቅ ፊት ማስቀመጥ፣ ኮምፒውተሩ አረንጓዴውን እንዲያጠፋ ማዘዝ፣ በጠፋው ቦታ የፈለጉትን ምስል ማስገባት። ገበያ ወርጄ አረንጓዴ ጨርቅ ገዛሁና የሳሎኑ ግድግዳ ላይ በምስማር ወጠርኩት። እማን ለሰርጉ ያሰፋችውን ቀሚስ አልብሼ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት።

«ማል ጎና አሁን?» አለችኝ፤ ምን እናድርግ ማለቷ ነው።

«ሰው እንደምታዪ ሁኚ። አልፎ አልፎ አጨብጭቢ።»

«ለማን?»

«ለልጅሽ ነዋ፣ ለሙሽራው።»

ባዶውን ሳሎን ትንሽ አየችና አጨበጨበች።

ኮምፒውተሩ ላይ አረንጓዴውን ሳጠፋው የእማ ሆድም አብሮ ጠፋ። ለካ ቀሚሷ ላይ ትንንሽ አረንጓዴ ቅጠሎች አሉ። ቅጠሎቹ በነበሩበት ሁሉ ከሰርጉ ቪዲዮ ወስጄ ከኋላዋ ያስገባኋቸው የቡና ዛፎች ይታያሉ። ሳሳያት ሳቀች።

«ቡናው ሆዴ ውስጥ በቀለ እንዴ?»

ቀሚሱን ቀይሪ ብላት እምቢ አለች። «ለልጄ ሰርግ በአሮጌ ቀሚስ? ዋላሂ አላደርገውም።»

ስለዚህ ጨርቁን ቀየርኩ። ከጎረቤት ሰማያዊ አንሶላ ተዋስኩ። ሆዷ ተመለሰ፤ ግን ሌላ ጣጣ መጣ። የእሷ ጥላ ያረፈበት የአንሶላው ክፍል እንደ ቆሻሻ እየጠቆረ አልጠፋ አለ። እሱን ለማጥፋት፣ ኮምፒውተሩ ምን ያህል ሰማያዊ እንደሚያጠፋ የሚወስነውን ቁጥር ከፍ ሳደርግ ጣቶቿም አብረው ይጠፋሉ። ዝቅ ሳደርግ ጣቶቿ ይመለሱና ጥላውም አብሮ ይመለሳል። በሻሿ ዙሪያ ደግሞ ሰማያዊ ጠርዝ ይንቀጠቀጣል። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፣ አንዱን ስነካ ሌላው ለምን እንደሚበላሽ ማወቅ ነበረብኝ። አላወቅኩም። የጅማ ደመናም አላገዘኝም፤ ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ስትወጣ፣ ሲጀመር የጠራው ምስል ደቂቃ ሳይሞላው ይደፈርሳል።

በአራተኛው ቀን እማ ሰለቻት።

«በረደኝ፤ ወንበሩን ከዚህ ግድግዳ አርቂልኝ» አለች።

ወደ ሳሎኑ መሀል ሳብኳት። ካሜራው ውስጥ ሳይ ጥላዋ አንሶላው ላይ የለም፤ ወለሉ ላይ ወድቋል። አራት ቀን ሙሉ ያጣሁት ነገር ሦስት እርምጃ ነበር። ከዚያ አንሶላውን ተኩሼ መልሼ ወጠርኩት፤ ለእሱ ብቻ ሁለት መብራት አበራሁ፤ መስኮቱን በስስ ነጭ መጋረጃ ሸፈንኩት። በዚያ ቀን የሻሿ ጠርዝ በመቀስ እንደተቆረጠ ጠርቶ ወጣ። ከድንኳኑ ጫፍ፣ የቡናው ዛፎች ሥር አስቀመጥኳት። ወንድሜ ቪዲዮው ሲደርሰው አለቀሰ። እማ ግን ሦስት ጊዜ አየችውና ስልኳ ላይ እንድጭንላት አዘዘችኝ።

በሳምንቱ ጎረቤቶች ሊጠይቋት መጡ። ስልኳን አውጥታ አሳየቻቸው።

«እግርዎ ተሰብሮ አልነበር እንዴ? መቼ ሄዱ?» አለች አንዷ።

«በመኪና ወሰዱኝ» አለች እማ። «ከሰዓት በኋላ ካፊያ ጣለ። የሙሽራዋ አክስት ጋቢ ደረበችልኝ፣ አላህ ይስጣት።»

ሻይ ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። ካፊያው እውነት ነው፣ ጥሎ ነበር። ነግሬያት ይሆን? ምናልባት። ስለ ጋቢው ግን የማውቀው ነገር የለም። ዘነጋች እንዳልል ደግሞ ማስታወሷ ደህና ነው፤ የመድኃኒቷን ሰዓት እኔ ስረሳ የምታስታውሰኝ እሷ ናት።

እንግዶቹ ሲሄዱ ጠየቅኳት። «እማ፣ ሰርጉ ላይ ነበርሽ እንዴ?»

የረሳሁት እኔ እንደሆንኩ ሁሉ አየችኝ። «አንቺ አይደለሽ ያስቀመጥሽኝ?»

ለወንድሜ ደወልኩለት።

«ደስ ካላት ተያት» አለ።

«ውሸት ነው እኮ።»

«የማን ውሸት? የሷ ወይስ ያንቺ?» ቀጠለና «ያዘዝኩሽ እኔ ነኝ፤ እኔንም ጨምሪ» አለኝ።

አላስችለኝ ሲል አንድ ከሰዓት በኋላ አጠገቧ ተቀመጥኩና እሷ የሌለችበትን የመጀመሪያውን ቅጂ ከፈትኩላት። ድንኳኑ፣ የሚጨፍሩት ልጆች፣ ከዛፎቹ ሥር ባዶው ቦታ። እስከ መጨረሻው በጥሞና ተከታተለች።

«እዚህኛው ላይ የለሁም» አለች።

«አዎ እማ፣ የለሽም።»

«ማን አወጣኝ?»

አልነበርሽም ልላት ፈልጌ ነበር፤ የወጣው ቃል ግን «እኔ» የሚል ሆነ።

«በይ መልሺኝ» አለች፣ ሳትቆጣ።

ያለችበትን ከፈትኩላት። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ራሷን ስታጨበጭብ አየች። ቀልዳብኝ ይሁን የምሯን እስከ ዛሬ አላውቅም።