የብዙነሽ ትከሻ

ፋሲካን የማያውቅ አለ? በዓሉን አይደለም፣ ዘፋኟን ነው የምላችሁ። ከአዝማሪ ቤት ተነስታ ስታዲየም የምትሞላውን! በሐሙሲት ሚኒባስ እሷ፣ በደብረ ታቦር ፀጉር ቤት እሷ። ግራ ትከሻዋን ድርቅ አድርጋ በቀኙ ብቻ እስክስታ ብትወርድ፣ አገር ምድሩ ተከትሏት ወረደ። ሁለት ጤነኛ ትከሻ ያለው ሁሉ አንዱን አሳርፎ ይጨፍር ጀመር። ጉድ እኮ ነው!

አያ ደምሴ ግን ይህን አላዩም። ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ገሳይ በምትባል ከተማ ጎረቤቴ ናቸው፣ ገበሬ። ሚስታቸው ብዙነሽ ካረፈች ወዲህ ሰርግ አይሄዱ፣ ሬዲዮ አይከፍቱ። ስሟ ከተነሳ ብድግ ብለው ስለሚወጡ ደፍሮ የሚያወራቸው የለም። ብዙነሽ የእብናት ልጅ ናት። በልጅነቷ በሬ ወግቷት ግራ ትከሻዋ ተሰብሮ፣ ወጌሻ ቢያሸውም አልዳነም። ከጭፈራ ግን መች ትቀራለች! በቀኙ ብቻ ትወርደው ነበር። ሰዉ «ግማሽ እስክስታ» እያለ ይስቅባታል፤ አያ ደምሴ በዚህ ስንቱን ተጣልተዋል።

ጥር ላይ ልጃቸውን ሠናይትን ዳሩ። ሙሽሪት ጉልበት ስማ ልትመረቅ ስትል የፋሲካ ዘፈን ተለቀቀ። ዳሱ ሙሉ ግራ ትከሻውን አድርቆ ወረደው፤ ሠናይትም ከነቬሏ። የአያ ደምሴ ፊት ጠቆረ። በሟች ሚስታቸው የሚያላግጡ መሰላቸው፣ የገዛ ልጃቸው ሳትቀር። ዱላቸውን አንስተው ወደ በሩ ሄዱ። አባቷ ሳይመርቃት የምትወጣ ሙሽራ! ሠናይት ክው አለች።

ሮጬ ደረስኩባቸውና በግድ ወደ ጓሮ ወሰድኳቸው። ስልኬን አውጥቼ ፋሲካ በቴሌቪዥን የተናገረችውን ከፈትኩላቸው። ጋዜጠኛው እስክስታውን ከየት አመጣሽው ሲላት እንዲህ ትላለች፦

«ልጅ ሆኜ እናቴ እብናት ሰርግ ወስዳኝ ነበር። አንዲት ሴት በአንድ ትከሻዋ ስትወርድ አየሁ። እንደሷ ያለ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ስሟን ሳልጠይቅ መቅረቴ እስከዛሬ ይቆጨኛል።»

ድገሚው አሉኝ፤ ደገምኩላቸው። ስልኩን ከእጄ ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ብዙነሽ ትባላለች» አሏት ፋሲካን፣ ፊት ለፊታቸው የቆመች ይመስል።

ከቀብሯ ወዲህ ስሟን ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እንባዬ መጣ፣ ምን ልደብቃችሁ። ያቺ በስንቱ የተሳቀባት ሴት አገሩን ሁሉ በትከሻዋ ስታስጨፍር፣ ባሏ ብቻ ሳይሰማ!

ወደ ዳሱ ተመለሱ፤ ዱላቸውን ጥግ አስደገፉ። ግራ ትከሻቸውን አድርቀው ልጃቸው ፊት ወረዱት። ሠናይት እያለቀሰች ጉልበታቸውን ሳመች።

«እንደ እናትሽ ያድርግሽ» ብለው መረቋት።