በአፍ የተሠራ እራት

ናይሮቢ ስገባ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ሽንኩርት ልጬ አላውቅም። ለጉራ አይደለም የምናገረው። ልጅ ሆኜ ወጥ ቤት ብቅ ካልኩ እናቴ «ወዲያ ውጣ! ወንድ አይደለህም እንዴ!» ብላ በማማሰያ ታባርረኛለች፤ እኔም ደስ ብሎኝ እባረራለሁ። ስለ ወጥ የማውቀው ሲቀርብ መብላቱን ብቻ ነበር። ዛሬ ስለ እራት አሠራር ልጽፍ ብዕር ማንሳቴን ብታይ በሳቅ ትፈርስ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ኪሌሌሽዋ ውስጥ፣ ለአንድ የውጭ ድርጅት የሚሠራ ያገራችን ሰው ከቪላው ጀርባ ያለችውን የሠራተኛ ክፍል ለሦስት ስደተኞች በነጻ ሰጠን። አንዱ እኔ ነኝ። ሁለተኛው በሞያሌ በኩል አብሮኝ የወጣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ምላሱ ስለታም። ሦስተኛው ጋሼ ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን እንጂ ዘመዳችን አይደሉም፤ ያገኘናቸው ቸርች ውስጥ ነው። አስተማሪ ነበሩ። በእምነታቸው ምክንያት አራት ዓመት ታሰሩ፣ እግራቸውን እዚያ ተሰበሩ፣ ሲፈቱ ድንበሩን በምርኩዝ ተሻግረው መጡ።

ሐኪም ቤት ስንወስዳቸው ዶክተሩ የእግራቸውን የራጅ ፊልም ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ አየና በእንግሊዝኛ አስረዳን። አጥንቱ ውስጥ መግል አለ፤ ተከፍቶ መጽዳት አለበት፤ አሁን ባላቸው ደምና ክብደት ግን ማደንዘዣውን አይችሉትም። ሃምሳ ሁለት ኪሎ ይድረሱ፣ በሁለት ወር ውስጥ ካልደረሱ ግን መግሉ ወደ ደማቸው ሳይገባ እግሩን ከጉልበት በላይ እቆርጣለሁ አለ። ያን ቀን አርባ አራት ኪሎ ነበሩ። እኔ ቶሎ ብዬ ወደ አማርኛ መለስኩላቸው፤ መቁረጥ የሚለውን ግን ዋጥ አደረግኩት። ጋሼ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርገው፣ «ልጄ፣ አሥራ ስድስት ዓመት ያስተማርኩት እንግሊዝኛ እኮ ነው» አሉኝ። መግቢያ አጣሁ።

ሾፌሩ ስንወጣ «ስምንት ኪሎ ምን አላት! ባንድ ወር እናስገባታለን» አለ። ምን ቆርጦት! እሱም እንደኔው ነው፤ ሞተር ፈትቶ ይገጥማል እንጂ እንቁላል አይጠብስም። የመጀመሪያው ቀን ኡጋሊያችን፣ ያ የበቆሎ ዱቄት ገንፎ፣ ዳሩ ድንጋይ መሀሉ ዱቄት ሆኖ ቀረ። ደም ይሞላል የተባለው ጉበት የጫማ ሶል መሰለ። ጋሼ ሁለት ጊዜ ጎረሱና «እጃችሁ ይባረክ፣ ጠገብኩ» አሉ። የሠራነውን ራሳችን በላነው፤ ቅጣታችን ነበር።

ክብደታቸውን የምናየው ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሁርሊንግሃም ባለ አንድ የሕንድ ሱቅ፣ የሩዝ ጆንያ በሚመዘንበት ሚዛን ነው። ሽማግሌው ባለሱቅ ምርኩዙን ይቀበላቸዋል፤ ጋሼ በአንድ እግራቸው ይቆማሉ፤ ሾፌሩ ሊደግፋቸው እጁን ሲዘረጋ ባለሱቁ «ልቀቀው! አንተን ነው ወይስ እሱን የምመዝነው?» ብሎ ይጮህበታል። የመጀመሪያው ቅዳሜ አርባ አራት። ሁለተኛውም አርባ አራት።

እሑድ ከቸርች ሲወጣ ሴቶቹ ግቢው ውስጥ ሰላም ይባባሉና ወዲያው ወሬው እራት ነው። «ትናንት ምን ሠራሽ?» «ምን እሠራለሁ፣ ያው ሱኩማ። ግን በኦቾሎኒ አደረግኩት።» «በኦቾሎኒ? እንዴት አድርገሽ?» አገር ቤት ቢሆን ማን ይጠያየቃል፤ ሁሉም የእናቷን ትሠራለች። እዚህ ጤፉ የለ፣ ቅቤው የለ፤ ሱኩማ የሚሉትን የኬንያ ጎመን ብቻ ባሥር ዓይነት መሥራት ነበረባቸው። እኔና ሾፌሩ የሌላ ወሬ የምናወራ መስለን ጠጋ ብለን ጆሯችንን እንጥላለን። እትዬ የምንላቸው ትልቅ ሴት አንድ ቀን ዞር ብለው «እናንተ ደግሞ ምን ጠፍቷችሁ ነው?» አሉን። ሾፌሩ ሳያፍር «እትዬ፣ ሽንኩርት ስንት ደቂቃ ነው የሚበስለው?» አላቸው። ያን ዕለት የተሳቀው ሳቅ ዌስትላንድስ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ምሽት ሽንኩርቱን የከሰል ምድጃው ላይ ጥጄ ዘይት ልጨምር ስል፣ ጋሼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው እንደተኙ «ገና ነው» አሉ።

«ምኑ፣ ጋሼ?»

«ሽንኩርቱ። ውሃውን አልጨረሰም፤ ድምፁ እርጥብ ነው። ሲጨርስ ድምፁ ይቀጥናል፤ ያን ጊዜ ዘይቱን ጨምር።»

ከሾፌሩ ጋር ተያየን። ጠበቅኩ። እውነትም ድምፁ ቀጠነ። «አሁን ነጭ ሽንኩርት» አሉ። «አሁን ምስሩ። አታማስለው፣ ተወው።» ዞር ብለው እንኳ አላዩም። ያ የምስር አልጫ በሕይወቴ የሠራሁት የመጀመሪያው የሚበላ ነገር ነው።

«ጋሼ፣ ወጥ ሠርተው ያውቃሉ እንዴ?» አልኳቸው።

«እጄ ማማሰያ ነክቶ አያውቅም» አሉ።

ከዚያ ነገሩን። የታሰሩበት ቦታ ከሰው አገር የራቀ ስለነበር ስንቅ የሚያመጣ ዘመድ አይደርስም። በቀን የሚሰጣቸው ቁራሽ ዳቦና ባቄላ የተቀቀለበት ውሃ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩ ሲቆለፍ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ይቀመጡና እራት ይሠራሉ፤ በአፋቸው። በየቀኑ ባለተራ አለ። ባለተራው የቤቱን እራት ከውሃ መቅዳት ጀምሮ እጅ እስከ ማስታጠብ ድረስ ይሠራዋል። መዝለል ክልክል ነው፤ ከዘለለ «ሽንኩርቱን ማን ላጠው?» ብለው ይመልሱታል። ጋሼ ያን ሁሉ በቃላቸው ያዙት፤ የጎንደሩን ነጋዴ ሚስት የሽምብራ ዓሣ፣ የሐረሩን ጸሐፊ አክስት የአብሽ መረቅ፣ የወላይታውን ወታደር እናት ጎደሬ። የሽንኩርቱን ድምፅ ያስተማራቸው ወታደሩ ነው፤ እናቱ ዓይነ ስውር ነበሩና ወጥ የሚሠሩት በጆሯቸው ነው።

የተራበ ሰው ስለ ምግብ ማውራቱ አይገርምም፤ እኛም መንገድ ላይ አውርተናል። ያስደነቀኝ ጥንቃቄው ነው። በሐሳብ ለሚበላ ምግብ ሽንኩርት እስኪበስል የሚጠብቅ ረሃብተኛ እንዴት ያለ ሰው ነው? «ጋሼ፣ ለምን ቀጥታ አትበሉትም ነበር?» አልኳቸው።

«ቶሎ ከተበላማ ቤትህ አልደረስክም» አሉኝ።

በማግስቱ የሽምብራ ዱቄት ፍለጋ ሕንዱ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ እየከፈተ ከአፍንጫዬ ሥር አስጠጋልኝ። የሽምብራው ዱቄት፣ አብሹ፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ እርዱ፤ ሁሉም አለ፣ ሁሉም የሌላ አገር ስም ይዞ ተቀምጧል! እንባዬ መጣ፤ በጥቁር አዝሙድ ማልቀስ ምን ይባላል? እሱም የሽምብራ ዱቄትን ሚስቱ በእርጎና በእርድ እንዴት እንደምትሠራው ነገረኝ፤ እኔም ሽሮን በገባኝ መጠን ነገርኩት። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እስኪያጉረመርም ድረስ አወራን።

የታሳሪዎቹ ሙያ ግን ቀዳዳ ነበረው። ወንዶች ናቸዋ! ከሽምብራው ሊጥ የቀረጽነው ዓሣ ዘይት ውስጥ እንደገባ ተበተነ፤ ነጋዴው ሚስቱ ስትጠብስ አይቷል፣ ስታቦካ ግን አላየም። እሑድ እትዬን ስንጠይቃቸው «ሊጡን አጠንክራችሁ እሹት፣ ዘይት ጠብ አድርጉበት» አሉና «ለመሆኑ ይህን ማን ነገራችሁ?» ብለው ጠየቁ። የእስር ቤቱን እራት ነገርናቸው። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ እሑድ እሑድ እኛን ይጠብቁ ጀመር። «የዚህ ሳምንቱስ የማን ቤት ነው?» ይሉናል። ከእስር ቤት የመጣውን ግማሽ እኛ እንናገራለን፣ የጎደለውን ግማሽ እነሱ ይሞላሉ፤ ማታ በየቤታቸውም ይሠሩታል። ናይሮቢ ውስጥ ስንት ቤት የዚያን ነጋዴ እራት እንደበላ ሳስብ እስካሁን ይገርመኛል።

ነገር ግን ጋሼ አይበሉም። ያ ነው ጉዱ። ወጡ እስኪደርስ ሲናገሩ ፊታቸው ይበራል፤ ሲቀርብ ሁለት ጎርሰው ያቆማሉ። «ስናገረው እኮ ጠገብኩ» ይላሉ፤ ከልባቸው ነው። ሆዳቸው በወሬ መጥገብ ለምዷል። ሁለቱ ወር ሊሞላ አምስት ሳምንት ሲቀረው አርባ አምስት ኪሎ ላይ ነን። ሾፌሩ አንድ ምሽት ማማሰያውን አስቀመጠና «ጋሼ፣ ይበቃል፤ ዛሬ አይናገሩ» አላቸው። ዝም ብሎ ሠርቶ አቀረበ። ከዚያ «አሁን ይጀምሩ» አለ። «ውሃ ቀዱ?» «ቀዳሁ» አሉ ጋሼ። አጎረሳቸው። «እንጨቱ ተፈለጠ?» «ተፈለጠ።» አጎረሳቸው። ሽንኩርቱ ተልጦ፣ ተከትፎ፣ ተቁላልቶ ወጡ እስኪወርድ ሳህኑ ባዶ ሆነ። ይህ ሞተር ፈቺ ሾፌር ያን ብልሃት ከየት እንዳመጣው አላውቅም። አርባ ሰባት ገባን፤ አርባ ዘጠኝ ገባን፤ ባለሱቁ ቁጥሩን ለመንገደኛው ሁሉ ይለፍፋል።

አንድ ቀን ማሰሮ እያጠብኩ «ጋሼ፣ የሁሉንም ነገሩን፣ የእርስዎ ቤት ግን መቼ ነው?» አልኳቸው።

«የለኝም። ከሕፃንነቴ ያደግኩት ሚሲዮን አዳሪ ቤት ነው። ለሁለት መቶ ልጅ ከአንድ በርሜል ይቀዳልናል፤ ማን እንደሚሠራው አይተን አናውቅም። ተራዬ ሲደርስ ይህንኑ ተናገርኩ፤ በሁለት ደቂቃ አለቀ። ከዚያ ነጋዴው ‹የኔን ውሰድ› አለኝ። የሚስቱን የሽምብራ ዓሣ ሰጠኝ። በኋላ የራሱ ተራ ሲደርስ ‹እሱን ለመምህሩ ሰጥቻለሁ› ብሎ ሌላ ሠራ እንጂ አልነካውም። ወታደሩም የእናቱን ሰጠኝ። እንደዚያ እንደዚያ እያሉ ሁሉም ሰጡኝ። ብዙዎቹ በሌሊት በስማቸው እየተጠሩ ወጡ፣ አልተመለሱም፤ እራታቸው እኔ ዘንድ ቀረ።»

ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ብዙ ደግ ሰው አይቻለሁ። የሚበላው ያጣ ሰው የቀረችውን አንዲት የቤቱን እራት፣ ያውም በአፍ ያለችውን፣ ለሌላ ሰጥቶ ከእንግዲህ የኔ አይደለችም ሲል ግን ሰምቼ አላውቅም።

በመጨረሻው ቅዳሜ ሚዛኑ ሃምሳ አንድ ተኩል አለ። ባለሱቁ እኛን አየ፣ ሚዛኑን አየ፣ ከዚያ የያዘውን ምርኩዝ ጋሼ እጅ ላይ መልሶ አስቀመጠና «ሃምሳ ሁለት!» ብሎ ጮኸ። የሐኪም ቤቱ ሚዛን እንዲህ ያለ ዘመድ አልነበረውም። ሰኞ ዶክተሩ ሃምሳ አንድ ተኩሉን አየ፣ የደማቸውን ውጤት አየ፣ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና «አልጋ ይያዝላቸው» አለ።

ቀዶ ጥገናው በተደረገ በሦስተኛው ቀን እንድንጠይቃቸው ተፈቀደልን። መጀመሪያ ያየሁት ፊታቸውን ሳይሆን ብርድ ልብሱን ነው፤ ከሥሩ ሁለት እግር ነበር። ሾፌሩ «ተመስገን» ብሎ ክንዴን ጨመቀው። ጋሼ ግን አላዩንም። አጠገባቸው የተኙት የኬንያ ሽማግሌ በማግስቱ የቀዶ ጥገና ተረኛ ስለነበሩ ምግብ ተከልክለዋል፤ ጋሼ ወደሳቸው ዞረው በእንግሊዝኛና በተሰባበረ ስዋሂሊ ያወራሉ። «እኛ ቤት» ይሏቸዋል፣ «መጀመሪያ ሁለት ወንዶች በከሰል ይጣላሉ። ትልቁ ያራግባል፣ ትንሹ ሱኩማ ሊገዛ ይወጣል፣ ሁልጊዜ አብዝቶ ነው የሚያመጣው። ከዚያ ይከትፉታል፤ በጣም አወፍረው። ኦቾሎኒውን በጠርሙስ ይፈጩታል...» ሽማግሌው ምራቃቸውን እየዋጡ ይስቃሉ። ከእግራቸው በኩል ቆመን ጠበቅን፤ ጎመኑ በሰለ፣ ወረደ፣ ለሦስት ሰው ቀረበ፣ እጅ ተታጠበ።

ሽማግሌው «ጥሩ እራት ነው» አሏቸው። «የእናትህ ነው?»

«አይደለም» አሉ ጋሼ። «ይኼ የራሴ ነው።»