ከጥፊው በፊት

ጆሮዬን ያመመኝ አርብ ከሰዓት በኋላ፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ስፈልግ ነው። መጀመሪያ የሚያሳክክ ነገር መሰለኝና በትንሿ ጣቴ ነካ አደረግኩት። ወዲያው ከመንጋጋዬ ሥር ተነስቶ እስከ አናቴ የሚወጋ ነገር መጣብኝና የያዝኩትን ፋይል መሬት ላይ በተንኩት። የሥራ ባልደረቦቼ ተሰበሰቡ። አንዷ ጤና አዳም ጨምቂበት አለችኝ። ሌላው ነጭ ሽንኩርት ልጠሽ ወትፊበት አለ። አለቃችን ደግሞ ብርድ ነው፣ ሻርፕ እሰሪበት ብሎ ወደ ቢሮው ተመለሰ። ሆሳዕና ውስጥ ሰው ሁሉ የጆሮ ሐኪም መሆኑን ያወቅኩት የዚያን ቀን ነው። እየሳቅኩ ልመልስላቸው ስል ለመሳቅም አፌን መክፈት አቃተኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ትራሴ ላይ ቢጫ ፈሳሽ አገኘሁ። ባጃጅ ይዤ ወደ ክሊኒክ ሄድኩ፤ መንገዱ ላይ ያለውን ጉድጓድ ሁሉ በጆሮዬ ቆጠርኩት። ያየችኝ ወጣት ጤና መኮንን ናት። በመብራት ውስጡን አየች፣ የጆሮዬ ታምቡር መመረዙንና ትንሽ መበሳቱን ነገረችኝ፣ ክኒን አዘዘችልኝ። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ ምንም ነገር እንዳላስገባበት አስጠነቀቀችኝ፤ ዘይትም፣ ቅጠልም፣ በተለይ ደግሞ የጋለ ቅቤ። በቅቤ የጠፋ ጆሮ ብዙ አይታለች።

“ጠፍቶ ይቀራል?” አልኳት።

ስለ ራሴ ጆሮ የጠየቅኩ መስሏት አይዞሽ፣ ያንቺ ይድናል አለችኝ። አመስግኜ ወጣሁ።

ብቻዬን ነው የምኖረው። ቤት ገብቼ ክኒኔን ዋጥኩ፣ ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክሬ ጨምቄ ጉንጬ ላይ አደረግኩና ተኛሁ። በደህናው ጆሮዬ በኩል ስተኛ ዓለም ጸጥ ይላል። ክረምት ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን አይሰማኝም። የሚሰማኝ የራሴ የልብ ምት ብቻ ነው። እሱም ጥቂት ከቆየ በኋላ ምት መሆኑን ይተውና የሰው ድምፅ ይሆንብኛል። አንድ ሰው የአንድ ልጅ ስም ይጠራል። ይቆያል። ደግሞ ይጠራል። ሦስት ጊዜ ከጠራ በኋላ ዝም ሲል ደንግጬ ቀና እላለሁ። ትኩሳት ነው እያልኩ ራሴን ባታልልም ማን እንደሚጠራና ማንን እንደሚጠራ በደንብ አውቃለሁ።

ስልኩ የደወለው እንዲህ ሆኜ ሳለ ነው። ወንድሜ ነበር። መታመሜን ከጎረቤቴ ሰምቶ፣ ሱቁን ለሚስቱ ትቶ ከጃጁራ እየመጣ መሆኑን ነገረኝ። አትልፋ፣ ይሻለኛል አልኩት። አልሰማኝም። ስልኩን ሲዘጋ እኔን ያሳሰበኝ መምጣቱ ሳይሆን ይዞት የሚመጣው ነገር ነው።

ወንድሜ እህል ነጋዴ ነው፤ በአራት ዓመት እበልጠዋለሁ። ግራ ጆሮው አይሰማም። አንደኛ ክፍል እያለ መምህሩ በጥፊ መቱትና ጠፋ፤ ቤተሰባችንም ጎረቤቱም የሚያውቀው ታሪክ ይኸው ነው። እሱ ግን ሌላም ይጨምርበታል። ለሚስቱ፣ ለልጆቹ፣ ቤቱ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ሲያወራ፣ ያ ሰውዬ መትቶኝ በጆሮዬ ስሠቃይ እናትና አባቴ አልነበሩም፣ እህቴ ናት በሕፃንነቷ ቅቤ አሙቃ ያፈሰሰችልኝ፣ እሷ ሁለተኛ እናቴ ናት ይላል። ይህን ባለ ቁጥር እኔ ሳህን ላነሳ እነሳለሁ። ልጆቹ መጥተው ይስሙኛል። የቀኖቹን ቅደም ተከተል የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። እናትና አባቴ ዘመድ ሞቶባቸው ሙዱላ ለቅሶ ሄደዋል፤ ጎረቤት ምግባችንን አይታ ትመለሳለች። እሑድ ጠዋት ወንድሜ ጆሮዬን እያለ ማልቀስ ጀመረ። እናቴ እንዲህ ሲያመን የምታደርገውን አይቻለሁ። ቅቤ በማንኪያ ከሰል ላይ ታቀልጣለች፣ ክንዷ ላይ ጠብ አድርጋ ትሞክረዋለች፣ በርዶ ለብ ሲል ነው ጆሮ ውስጥ የምታፈሰው። ሁሉንም እንደ እሷ አደረግኩ፤ መሞከሩን ግን ዘለልኩት። ረስቼው አይደለም። ጩኸቱ ሰልችቶኝ ነበር፣ ጓደኞቼም ውጪ እየጠበቁኝ ነበር። ጭንቅላቱን በጉልበቴ ይዤ ማንኪያውን እንዳለ ገለበጥኩበት።

እንዴት እንደጮኸ አልጽፍም። ቅቤው የወረደበት አንገቱ ላይ ቆዳው ቀልቶ ነበር። ጠረግኩለት፣ ስኳር ሰጠሁት፣ ለእማዬ እንዳትናገር አልኩት። ውጪ ግን አልወጣሁም፤ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ዋልኩ። በማግስቱ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ ከፊቴ ይሄድ ነበርና ከኋላው ጠራሁት። አልዞረም። ያኮረፈ መስሎኝ ተውኩት።

የዚያኑ ቀን መምህሩ ስም ሲጠሩ ወንድሜ አቤት አላለም። ደግመው ጠሩት። ሦስተኛ ጊዜ ጠርተውት እሱ በመስኮቱ ውጪውን ሲያይ ንቀት መሰላቸውና ሄደው በጥፊ መቱት። ከጆሮው ደም የተቀላቀለበት ፈሳሽ ወጣ። እኔ ይህን የሰማሁት በዕረፍት ሰዓት ከልጆች ነው። የተሰማኝን አሁን ልናገር፤ ያዘንኩ አይደለም፣ ተገላገልኩ። ለእናቴ የምነግራት ነገር ተገኘልኝ።

መምህሩ ከሰሜን የመጡ ሰው ነበሩ፣ እናም ነገሩ ከጥፊ በላይ ሆነ። የእኛን ልጅ አደነቆረው ተባለ። ሽማግሌዎች ግቢያችን ውስጥ ተቀመጡ። መምህሩ ጫፍ ላይ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። እኔን ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው፤ እጄን በእጃቸው ይዘው ነው መጻፍ ያስተማሩኝ። አንዱ ሽማግሌ አስጠሩኝና፣ ልጄ፣ ወንድምሽን ጆሮው ያመመው መቼ ነው ብለው ጠየቁኝ።

“ከተመታ በኋላ ነው” አልኩ።

መምህሩ ቀና ብለው አዩኝ። የሚከራከሩ መስሎኝ ነበር፤ አልተከራከሩም። ተነስተው የአባቴን ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ አሉ፣ አባቴም በትከሻቸው ይዞ አነሳቸው። እናቴ ግን እስክትሞት ድረስ ሰላምታቸውን አልመለሰችም።

ከዚያ ወዲህ መምህሩ ልጅ ነክተው አያውቁም ይባል ነበር። ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ መንገድ ላይ ስንገናኝ ቀድመው ሰላም የሚሉኝ እሳቸው ናቸው። ወንድምሽ ደህና ነው ይሉኛል። ደህና ነው እላለሁ። አንዳንዴ ከሩቅ ሳያቸው መንገድ እቀይር ነበር። ካቻምና ሞቱ። የለቅሶው ድንኳን ወደ ቢሮዬ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለተተከለ ሦስት ቀን ሙሉ በሌላ በኩል ዞሬ ሄድኩ። ለወንድሜ ስነግረው ጎትተው ቢወስዱኝም ለቅሶው ላይ አልቆምም አለኝ። ደስ አለኝ፤ ብቻዬን አልቀረሁም ብዬ።

ከሰዓት በኋላ ወንድሜ መጣ። ጃኬቱ በስብሷል። በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ከፌስታል አወጣ። የጤና መኮንኗን ማስጠንቀቂያ ነገርኩት። የዛሬ ልጆች ምን ያውቃሉ ብሎ ከሰል አቀጣጠለ። ማንኪያ ፈልጎ አገኘ። እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሲያቀልጠው አየሁት። ሲቀልጥ ክንዱ ላይ ጠብ አደረገው፣ ጠበቀ፣ እንደገና ሞከረው። ሁለት ጊዜ ነው የሞከረው።

“ተኚ” አለኝ። “አንቺ ያደረግሽልኝን ነው የማደርግልሽ።”

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እውነቱን ለመናገር ልተወው ብዬ ነበር። ያፍስሰው፣ የእኔም ይጥፋ፣ እኩል እንሁን አልኩ። ጸጉሬን ከጆሮዬ ላይ በጣቶቹ ጫፍ ቀስ ብሎ ገለል አደረገው፤ እንዳያሳምመኝ ፈርቶ። ያኔ አንድ ነገር መጣብኝ። ጆሮዬ ቢጠፋ በእጄ አጠፋሁባት ብሎ የሚኖረው እሱ ነው። እኔ እስከዛሬ የተሸከምኩትን በዚች ማንኪያ ላስተላልፍለት ነው። ተነስቼ ተቀመጥኩና እጁን ያዝኩት።

“እሑድ ነው” አልኩት። “እኔ ቅቤውን ያፈሰስኩብህ እሑድ ነው። የተመታኸው ሰኞ ነው።”

አልገባውም። እንደገና ነገርኩት፤ ጩኸቱን፣ ያልሞከርኩትን ማንኪያ፣ ስኳሩን፣ በማግስቱ ስጠራው አለመዞሩን፣ ለሽማግሌው የመለስኩትን። አላለቀስኩም፤ ማልቀስ ይቅር በለኝ ማለት መስሎ ታየኝና አፈርኩ። እሱ ማንኪያውን እንደያዘ ቅቤው ረግቶ ነጭ ሆነ።

“ስሜን ሲጠሩ አልሰማኋቸውም ማለት ነው?” አለ።

“አልሰማሃቸውም።”

“እኔ ግን ሰምቼ ዝም ያልኩ ይመስለኝ ነበር” አለ። “ሁሉም እልኸኛ ሲለኝ እኔም አመንኩ።”

ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። ወደ መናኸሪያ የሄደ መስሎኝ ነበር። በመስኮት ሳይ ጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆሟል፣ ዝናቡ ከፊቱ ይወርዳል። እኔም ጆሮዬን ይዤ አየው ነበር። ሕመሙ እንኳ ለአፍታ የተወኝ መሰለኝ። ሲመለስ የመምህሩ ቤት የት እንደሆነ ጠየቀኝ። ሲሻለኝ እንሄዳለን አልኩት። ዛሬ ነው አለኝ። ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ነው፣ አታይም ብዬ ተቆጣሁ። አልተቆጣኝም፤ ሻርፔን ከወንበሩ ላይ አንስቶ ሰጠኝ።

የመምህሩ ባለቤት በሩን የከፈቱልን ራሳቸው ናቸው። አጭር፣ ነጠላቸውን ያጣፉ አሮጊት። እኔን በመልክ ያውቁኛል። ወንድሜን ግን ገና ሲያዩት ማን እንደሆነ ገባቸው፤ እጃቸው በሩ ላይ ቀረ። ከዚያ ግቡ፣ ግቡ፣ ዝናብ ላይ አትቁሙ አሉን። የመምህሩ ፎቶ ግድግዳው ላይ ነበር። ሻይ ላፍላ ቢሉ ወንድሜ አይልፉ አላቸው። ዘግይቼ ነው የመጣሁት፣ እግዜር ያጥናዎት አለና ወደ እኔ ዞረ።

በእሳቸው ቋንቋ፣ በአማርኛ ነገርኳቸው። ጆሮዬ ስለተደፈነ ድምፄ ከውስጥ ይጮህብኛል፤ እየጮህኩ ይሁን እያንሾካሾክኩ አላውቅም ነበር። እሑድ ብዬ ጀመርኩ፣ ሰኞ አልኩ፣ ከተመታ በኋላ ነው ያልኩት ውሸት ነው አልኩ። ፎቶውን ላለማየት የጠረጴዛውን ልብስ አበባ እያየሁ ነው የተናገርኩት። ስጨርስ የሚሰድቡኝ መስሎኝ ጠበቅኩ፤ ቢሰድቡኝ እወድ ነበር።

እሳቸው አንገታቸውን ደፍተው የነጠላቸውን ጥለት ጉልበታቸው ላይ ደጋግመው አስተካከሉ። ቆይተው በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገሩ። በደህናው ጆሮዬ በኩል ስለተቀመጡ ሁሉንም ሰማሁት።

“እኔ እኮ፣ ልጁ ቀድሞም አሞት ይሆናል፣ በአንድ ጥፊ ጆሮ አይጠፋም እላቸው ነበር” አሉ። “አያምኑኝም። ‘እህቱ ከተመታ በኋላ ነው ብላለች፤ እኔ ያስተማርኳት ልጅ ናት፣ አትዋሽም’ ይሉኛል። እንዲሁ እንዳሉ ሞቱ።”

ወንድሜ ግራ ጆሮው ወደ እሳቸው ስለነበር ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ያያል እንጂ ያሉትን አልሰማም። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ምን አሉ አለኝ። ምን አሉ ብሎ ደግሞ ጠየቀኝ። አፌን ወደ ቀኝ ጆሮው አስጠግቼ፣ አንድም ቃል ሳልቀንስ፣ ነገርኩት።