ጽሑፉ የለቀቀ ብልቃጥ

ጉርድ ሾላ ካለው ላቦራቶሪያችን ሲወስዱኝ ነጭ ጋወኔን እንኳ አላወለቅኩም። የገባሁባት የእስር ክፍል አራት በአራት የማትሞላ ነበረች፤ ሃያ ሦስት ሆነን በጎን እንተኛለን። አውሮፕላን ቦሌ ለማረፍ ዝቅ ባለ ቁጥር የጣሪያው ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል።

መርማሪው የሚፈልገው አንድ ፊርማ ነበር፤ አለቃዬ ላቦራቶሪው ውስጥ የጦር መሣሪያ ሲደብቅ አይቻለሁ የሚል። "ያላየሁትን አልፈርምም" አልኩ። ውስጥ እግሬን ገረፉኝ። ጀግና ሆኜ አይደለም፤ ሱሪዬን አርጥቤያለሁ። ብቻ እጄ እምቢ አለኝ።

ተሸክመው ሲመልሱኝ የመኝታ ቦታቸውን የለቀቁልኝ ሾላ ገበያ ቅመም የሚነግዱ ሽማግሌ ነበሩ። ሁላችንም ሀጂ እንላቸዋለን። ስኳር አለባቸው። ቤተሰባቸው ያመጣው መድኃኒት በር ላይ ስለተከለከለ አራት ቀን ሙሉ መርፌ አልተወጉም። ትንፋሻቸው የበሰበሰ ሙዝ ይሸታል፤ እግራቸው ላይ ያለው ቁስል መጥቆር ጀምሯል።

በአምስተኛው ቀን ነርስ መጣ። የበረዶ ውሃ ከሞላበት ዕቃ ውስጥ አንድ ብልቃጥ ኢንሱሊን አወጣ።

"እሱ ከአሳማ ነው የሚሠራው" አለ ከጥግ አንዱ እስረኛ።

ሀጂ የሰበሰቡትን እጅጌ መልሰው አወረዱ።

"ለነፍስ ሲሆን ይፈቀዳል እኮ፣ ሀጂ" አላቸው ሌላው።

"ይፈቀዳል። ስድሳ ዓመት ያልነካሁትን ግን እነዚህ አስረው አያስነኩኝም።"

ነርሱ ሰዓቱን አየ። እንግዲህ ይሄ የኔ ሥራ ነው።

"ድሮ ከአሳማ ይወጣ ነበር፤ እውነት ነው" አልኳቸው። "አሁን ግን የሰውን ዘረመል ባክቴሪያ ወይም እርሾ ውስጥ ያስገባሉ። ባክቴሪያዋ የራሷ ሥራ መስሏት የሰውን ኢንሱሊን ትሠራለች። እኛም ሌላ ፕሮቲን እንደዚሁ ነው የምናሠራት።"

"ይሄኛውስ? ጽሑፉን አይተህ ንገረኝ፣ ልጄ።"

ብልቃጡን ተቀበልኩ። ወረቀቱ በውሃ ርሶ ቀለሙ ለቋል፤ የሚነበብ አንድ ፊደል የለውም። ዛሬ የሚመጣው ሁሉ ማለት ይቻላል እንደነገርኳቸው የሚሠራ ነው። ይሄኛውን ግን አላወቅኩም።

"የባክቴሪያ ነው ይላል።"

"ማልልኝ።"

"እናቴ ትሙት!" በዚያ ሰዓት እናቴ ምሳ ዕቃ ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር።

ሀጂ ክንዳቸውን ለነርሱ ዘረጉ። "ያላየውን የማይፈርም ልጅ ነው። ውጋኝ።"

በነጋታው መርማሪው ያንኑ ወረቀት ይዞ ጠራኝ። ያን ቀን ለመፈረም ቀርቤ ነበር፤ እግሬ ሌላ ግርፋት አይችልም። ግን ብፈርም ወሬው ክፍላችን ይደርሳል፤ ሀጂም መሐላዬን ይጠራጠራሉ፤ ሁለተኛም አይወጉም። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መለስኩና ጫማዬን ራሴ አወለቅኩ።

ዛሬ ሀጂ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ይቀመጣሉ። አንድ እግራቸው ከቁርጭምጭሚቱ በታች የለም። በሄድኩ ቁጥር በርበሬ ይቋጥሩልኝና ለገበያተኛው ሁሉ "ይሄ ልጅ ያላየውን አይመሰክርም" ይላሉ። አፍራለሁ። በርበሬዬን ተቀብዬ፣ ዓይናቸውን ሳላይ እሄዳለሁ።