ቁጥር የተቀረጸበት ጠረጴዛ

የታሰርሁበት ክፍል በር በእርጥብ ባሕር ዛፍ የተሠራ ነበር። እንጨቱ ሲደርቅ ተጣሞ ከታች ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትቷል። በደብረ ታቦር ማለዳ ብርዱም ብርሃኑም በዚያች ክፍተት አብረው ይገቡ ነበር። ጠባቂው ገፍቶ ሲያስገባኝ መጀመሪያ ያየሁት ይህንን ነው። ስድሳ ስምንት ዓመት የሞላትን ሴት የሚያስር ሰው አንድ በር አስተካክሎ ማሠራት አልቻለም ብዬ ናቅሁት። ንቀቱ ጠቀመኝ፤ ለፍርሃት ብዙ ቦታ አልተረፈም።

ቤቱ ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ሽታው ጉሮሮ ይቧጥጣል። ውስጥ አራት ሴቶች ነበሩ። አንዷ፣ የይፋግ እህል ነጋዴ፣ ከምንጣፏ ፈቀቅ ብላ ቦታ ሰጠችኝ።

«እትዬ፣ አንቱ ደግሞ ምን አደረጉ?»

«ጠረጴዛ ሠራሁ።»

ሳቀች። እንደማልቀልድ ስታይ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

እውነቴን ነበር። ባለቤቴ አናጢ ነበር። ዓይኑ ሲደክም መላጊያውን እኔ ያዝሁ፤ ከሞተም በኋላ አላስቀመጥሁትም። ቀንበር፣ ሞፈር፣ በርጩማ እሠራለሁ። የእሱን የሥራ ጠረጴዛ ምስጥ ስለ በላው ከቤታችን ጀርባ ባለችው ክፍል አዲስ ሠራሁ። እግሮቹ ወይራ፣ ገበታው አራት ጣት የሚወፍር ዋንዛ ነው። ሚስማር የለበትም። የአንዱ እንጨት ጫፍ በሌላው ቀዳዳ ይገባና ማጥበቂያ ሽብልቅ ይመታበታል፤ የቱንም ያህል ቢልጉበት ንቅንቅ አይልም። የትኛው ጫፍ በየትኛው ቀዳዳ እንደሚገባ እንዳይጠፋኝ በየመጋጠሚያው በመሮ የግእዝ ቁጥር ቀረጽሁ፤ ከ፩ እስከ ፲፮።

ቤቴን የፈተሹት ሰዎች መሣሪያ አላገኙም። ጠረጴዛውን አገኙ፤ ላዩ ላይ እንጨት ጨምቆ የሚይዝ ሞርሳ ተጠምዶበታል። የጠመንጃ ሰደፍ የሚሠራበት ነው ተባለ። ለማስረጃ ሊወስዱት ሲሉ በበሩ አልወጣ አላቸው። ስድስት ወንዶች ናቸው፤ ሽብልቁን በመጣበት በኩል መልሶ መምታት ለአንዳቸውም አልታየውም። ዙሪያውን ሲደበድቡት ዋሉ፤ በመጨረሻ ሽብልቆቹ የሰለቻቸው ይመስል ራሳቸው ወጡ።

በሦስተኛው ቀን መርማሪው አስጠራኝ። ዕድሜው የመጨረሻ ልጄን ያህላል፤ «አንቺ» ይለኛል። ጽሕፈት ጠረጴዛው ስለሚንገዳገድ ከአንድ እግሩ ሥር የታጠፈ ካርቶን ተደርጎለታል። በላዩ የእኔን ጠረጴዛ አንድ እግር አጋድሞበታል።

«ይህ ምልክት ምንድን ነው?»

«ሰባት ነው።»

«ምን ሰባት?»

«ሰባተኛው መጋጠሚያ።»

«እንደ ሰው በተለመደው ቁጥር ለምን አልጻፍሽም?»

«እንጨቱ የእኔ ነው።»

የእኔ ቃል ነው የተባለው ወረቀት ቀድሞ ተጽፎ አልቆ ኖሯል። ቁጥሮቹ የዐሥራ ስድስት ጠመንጃ ሰደፎች መዝገብ ናቸው፤ ሰደፎቹንም ለታጣቂዎች ያደረሱት ሁለት ገበሬዎች ናቸው ይላል። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። አንዱ ቀንበር፣ ሌላው ሞፈር ከእኔ የገዙ ናቸው። እኔ ከፈረምሁ በዚያው ዕለት ከእርሻቸው ላይ ይለቀማሉ።

«ፈርሚና ቤትሽ ግቢ።»

«አልፈርምም።»

«አሮጊት ነሽ። እዚህ ትሞቻለሽ።»

«በሩን ካላሠሩት፣ በብርድ፣ ይሆናል።»

ወደ መጋዘኑ መለሱኝ። ዐሥራ አንድ ቀን ማንም አልጠራኝም። ጉልበቴ አበጠ፤ የይፋጓ ሴት ጠዋት ጠዋት ታሽልኝ ነበር። ወረቀቱን አንድ ጊዜ በሐሳቤ ፈርሜዋለሁ፤ ይህንን ለማንም አልተናገርሁም።

በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ተጠርቼ መርማሪው ክፍል ስገባ ካርቶን የተደረገለት ጠረጴዛ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የእኔ ወለሉ ላይ ተከምሯል። ሁለት ጠባቂዎች ላብ አጥምቋቸው፣ አንዱን እግር ገልብጠው ይዘው ይታገላሉ። መርማሪው ከወይራው ላይ አቧራ በመዳፉ ይጠርጋል። ለካ ወዶታል።

«ገጣጥሚልኝ። ከዚያ ፈርመሽ ትሄጃለሽ» አለኝ።

«ሁለቱ አብረው አይሆኑም።»

«ለምን?»

«ወረቀቱ እውነት ከሆነ ቁጥሩ የሰደፍ ነው፤ በሰደፍ ቁጥር ጠረጴዛ አይገጠምም። ጠረጴዛው በቁጥሩ ከተገጠመ ደግሞ ወረቀቱ ውሸት ነው። እነዚህ ልጆች እያዩ ነው። አንዱን ይምረጡ።»

ከጠባቂዎቹ አንዱ ሳል ያዘው፤ ሳል አልነበረም። መርማሪው ወረቀቱን አየ፣ እንጨቱን አየ። ብዙም አልቆየም። የሁለት ሰው ቤት የሚያፈርስ ወረቀት ለጠረጴዛ ሲል አራት ቦታ ቀደደው። ሰውዬው ያመነበት ነገር ቢሆን ኖሮ ትንሽ አከብረው ነበር።

«ከሥሩ ያለውንም» አልሁት። ቅጂውን አይቼዋለሁ። እሱንም ቀደደ።

ከዚያ ሠራሁ። ፩ን በ፩፣ ፪ን በ፪ እያልሁ ገጠምሁ። ጉልበቴ አልታጠፍ ስላለኝ መርማሪው ራሱ ተንበርክኮ እግሮቹን ያዘልኝ። «ቀጥ አድርገው ይያዙት፤ አያወዛውዙት» እያልሁት ነበር። አልተቆጣም። ዐሥራ ስድስቱንም ሽብልቅ እስከ መጨረሻው መታኋቸው።

ተለቅቄ ጋቢዬን ልወስድ ወደ መጋዘኑ ስመለስ የይፋጓ ሴት ሁሉንም ከጠባቂዎቹ ሰምታ ጠበቀችኝ።

«አንዷን ሽብልቅ እንኳ አላላሉለትም? ሲቀመጥበት በፊቱ እንዲደፋ!»

«ለእሱ ብዬ ሥራዬን ላበላሽ?»

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት አልፎታል። መርማሪው ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል። ጠረጴዛውን ሊወስድ ፈልጎ በበሩ አልወጣ እንዳለው ሰምቻለሁ። ሽብልቅ የሚባል ነገር እንዳለ ዐሥራ ስድስት ጊዜ በዓይኑ ሥር አሳይቼው ነበር። ለሚቀጥለው ሹም ተወለት። እኔ ሌላ ሠርቻለሁ፤ ከመጀመሪያው ይሻላል።

ለሁለቱ ገበሬዎች ስማቸው በወረቀት ላይ እንደ ነበር ነግሬያቸው አላውቅም። ባለፈው ቅዳሜ ቀንበር የገዛው በመኪና ከገሳይ መጣ፤ ቀንበሩን ትከሻው ላይ አድርጎ ነበር። የበሬዬን ጫንቃ ላጠው ብሎ ደጄ ላይ ጮኸብኝ።

«አንቱም እንግዲህ እጅዎ ደከመ መሰል» አለኝ።

እስኪጨርስ ሰማሁት። ከዚያ ቀንበሩን ከትከሻው ተቀብዬ ሞርሳው ውስጥ አሰርሁት። መላጊያውን ስስል እሱ በሩ ላይ ቆሞ ዘንድሮ ዝናቡ ስለ መዘግየቱ ያወራ ነበር።