አምስት መንገድ የሚገባበት አደባባይ

ባለፈው ሳምንት ወደ ሐይቅ ዳር ስነዳ፣ "ለማጅ" የሚል ጽሑፍ የተለጠፈባት አሮጌ መኪና አደባባዩ መሐል ሞተሯ ጠፍቶ ቆመች። መሪ የያዘችው ልጅ ፊቷ በላብ ርሷል። ከኋላ ባጃጁም ሚኒባሱም ክላክሱን ያንባርቀዋል። ልጅቷ እንደምንም አስነሥታ ሄደች፤ እኔ ግን ንዴቴ አልበረደልኝም። የተናደድኩት በእሷ ሳይሆን በአደባባዩ ነው። እኔንም በወጣትነቴ ትዳር ሊያሳጣኝ ምንም አልቀረው።

ይህን አደባባይ የነደፈው መሐንዲስ፣ በሕይወት ካለ ዕድሜ ይስጠውና፣ ሳይክል ነድቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። አምስት መንገዶች ይገቡበታል። አራቱ እንደ ደንቡ ናቸው፤ አምስተኛው ከዓሣ ገበያው፣ ከአሞራ ገደል በኩል በሰያፍ መጥቶ፣ ከአንድ ትልቅ ዋርካ ኋላ ድንገት ዱብ ይላል። ምልክት የለም፣ የተሰመረ ነገር የለም። ሀዋሳ ደግሞ ያኔ ሜዳነቷን ተማምና በሳይክል የምትኖር ከተማ ነበረች። ተማሪው፣ ነርሷ፣ ዓሣ ሻጩ፣ ሁሉም ፔዳል ይረግጣል። ሕጉ አደባባዩ ውስጥ የገባ ቅድሚያ አለው ይላል፤ ዋርካው ግን ሕግ አያውቅም። ክረምት ላይ ውኃ ሲተኛበትማ ጉድጓዱ የት ጋ እንዳለ የሚያውቀው እግዜር ብቻ ነው።

እኔ ያኔ ከወሎ መጥቼ በአንድ ኮሌጅ ግምጃ ቤት ውስጥ በቀን ሥራ ዕቃ አወርድ ነበር። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሹፌር አድርገው ሊቀጥሩኝ ቃል ገብተውልኛል። ከተቀጠርኩ ደግሞ የጎረቤታችንን የአቶ ዳንጊሶን ልጅ፣ ምሕረትን፣ ለመጠየቅ ሽማግሌ እልካለሁ። ሌላ ሰው፣ ያውም ባለሱቅ፣ ሽማግሌ እያዘጋጀ መሆኑን የነገረችኝ ራሷ ናት።

"ቶሎ በል። አባባ ቋሚ ሥራ ለሌለው ሰው ጆሮ የለውም" አለችኝ። ነገሩ ሁሉ በፈተናው ላይ ተንጠለጠለ።

የፈተናው ዕለት ፈታኙ ከጎኔ ተቀምጦ ወደ አደባባዩ ገባሁ። ማርሼ ልክ፣ ፍሬቻዬ ልክ። ዋርካው ጋ ስደርስ አንድ ሳይክል ብቅ አለ። አቶ ዳንጊሶ ናቸው፤ ከአሞራ ገደል የገዙት ቆሮሶ ዓሣ መሪው ላይ ተንጠልጥሏል። ቅድሚያው የእኔ ነበር። ግን እንዴት ሆኖ? አማቴ እንዲሆኑ የምጸልይላቸው ሰው ቆመው እኔ በመኪና ሽው ልበል? ፍሬን ያዝኩ። እሳቸውም ቆሙ፤ ከሳይክላቸው ወርደው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ይለፉ፣ አባባ" አልኩ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ።

"የለም የለም፣ አንተ እለፍ፣ ልጄ።"

"ኧረ በፍጹም፤ እርስዎ ቆመው?"

"እኔ ምን ቸኮልኩ። እለፍ።"

በር ላይ "ይግቡ፣ ይቅደሙ" መባባል ያደግንበት ነው፤ እኛ ግን አደባባይ ላይ ተገባበዝን። ከኋላዬ ጋሪው፣ ታክሲው ተደረደረ። ስደናበር ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩትና ሞተሩ ጠፋ። ፈታኙ ወረቀቱን አጠፈ።

"ሰርግ ቤት በር ላይ ያለህ መሰለህ? ውረድ" አለኝ። ወደቅሁ።

በማግስቱ ምሕረት አጥር ጥግ አገኘችኝ። አባቷ ፈተና ላይ እንደነበርኩ ከእሷ ሲሰሙ "ታዲያ ልጁን የጣልኩት እኔ ነኛ" ብለው ያን ዓሣ ሳይቀምሱት እንዳደሩ ነገረችኝ። ስለ እኛ ያውቁ እንደሆነ በፍርሃት ጠየቅኋት።

"አባባ የማያውቀው ነገር አለ እንዴ?" አለች።

ሁለተኛው ፈተና የደረሰው ክረምቱ ሲገባ ነው። ማለዳው ጭቃና ሐይቅ ሐይቅ ይሸታል። ፈታኙ ያው ሰውዬ ነው። አደባባዩ ውስጥ ገብቼ ዋርካው ጋ ስደርስ፣ አቶ ዳንጊሶ ሳይክላቸውን ይዘው ዳር ላይ ቆመዋል። እግሬ ሳላዘው ወደ ፍሬኑ ሄደ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ያን ጊዜ፣ ለሕፃን እንኳ ባርኔጣ የሚያወልቁት ሰው ቀስ ብለው ዞሩና ጀርባቸውን ሰጡኝ። ፊታቸውን ወደ ዋርካው ግንድ አድርገው፣ እንደ ተቀጣ ተማሪ ዝም ብለው ቆሙ። እጅ የምነሣው ፊት አጣሁ። እግሬን ከፍሬኑ አነሣሁ፤ አለፍኩ። በመስታወት ሳይ፣ አሁንም አልዞሩም። ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ፈታኙ እንዳያይብኝ ወደ መስኮቱ ዞር አልኩ።

በዚያው ዓመት መንጃ ፈቃዱን አግኝቼ ተቀጠርኩ፤ ባለሱቁ ሳይቀድመኝ ሽማግሌዎቼ ሲሄዱ አቶ ዳንጊሶ ስለዚያ ጠዋት ትንፍሽ አላሉም። እኔም አማቴ ከሆኑ በኋላ አንሥቼባቸው አላውቅም። አንዳንድ ውለታ ሲያወሩት የሚረክስ ይመስለኛል።

አሁን እሳቸው የሉም። አደባባዩን አፍርሰው የትራፊክ መብራት ሊተክሉበት ነው ይባላል፤ ይበጅ፣ ዘግይቶም ቢሆን ለሳይክለኛ የሚያስብ ከተገኘ ደስታዬ ነው። አቶ ዳንጊሶ ያረፉ ጊዜ አንድ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ተነሥተው "ዳንጊሶ ዕድሜ ልካቸውን ለሰው ጀርባቸውን ሰጥተው አያውቁም" ብለው መሰከሩ። ለቀስተኛው ሁሉ "እውነት ነው" አለ። ምሕረት ይህን ቃል እስከ ዛሬ ትደግመዋለች፤ እኔም ራሴን ነቅንቄ ዝም እላለሁ። ለእኔ ግን አንድ ቀን ጀርባቸውን ሰጥተውኛል፤ ልጃቸውንም የሰጡኝ ያን ቀን ነው።