ቅዳሜ ጠዋት ከሲዮኔ አባት ጋር

ባለፈው ሳምንት ሳንታ ክላራ በምሠራበት ክሊኒክ ሊፍት ውስጥ አንዲት የማላውቃት ሴትዮ አጠገቤ ቆመች፤ ከፀጉሯ አበባ የተነከረበት የኮኮናት ዘይት ይሸታል፣ ጣፋጭና ከበድ ያለ ሽታ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ መውረድ ሲገባኝ ሳላውቀው አምስተኛ ድረስ አብሬያት ወጣሁ። ኦክላንድ ያደግኩበት አፓርትመንት ደረጃው እንዲህ ነበር የሚሸተው። ከእኛ ሥር፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ካለችው ከቶንጋ የመጣ ቤተሰብ ይኖር ነበር፤ እሑድ እሑድ ሲዘምሩ የእኛ ወለል እስኪነዝር ድረስ ይሰማናል፣ እናትየዋም ልጃቸው ሲዮኔ ከጨዋታ በተመለሰ ቁጥር ጉልበቱንና ትከሻውን በዚያ ዘይት ያሹታል።

ሲዮኔ እኩያዬ ነው። በአሥራ ሦስት ዓመቱ ግን ሁለት ከረጢት ጤፍ በሁለት ብብቱ ይዞ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ያወጣልን ነበር። እናቴን እኔ ስጠራት ሰምቶ «እማዬ» ይላታል፤ ስሟ መስሎት ነው፣ እሷም አላረመችውም። አባቱ ኮንክሪት የሚያፈስሱ፣ ጫማቸው ሁልጊዜ ሲሚንቶ የለበሰ፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ፤ ከእኔ አባት ጋር ፓርኪንጉ ላይ ጎን ለጎን ቆመው፣ አንዳቸው ታክሲያቸውን ሌላው ፒክአፓቸውን ሲያጥቡ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሦስት ቃል በላይ አይለዋወጡም።

ሃይስኩል ስንጨርስ ሲዮኔ በአሜሪካ ፉትቦል ስኮላርሺፕ አግኝቶ ነበር። ያኔ ነው አጎቱ ከሲድኒ ለሠርግ መጥቶ፣ ልጁን አይቶ፣ ራግቢ ሊግ የሚባል ጨዋታ ይጫወት ብሎ ይዞት የሄደው። የተጨበጠ ነገር ጥሎ ለምን እንደሄደ ያኔም አልገባኝም፣ ዛሬም አልገባኝም። በኋላ ግን እዚያ ስሙ ወጣ፤ እኛም ቅዳሜ ጠዋት የተቀረጸውን ጨዋታ በኮምፒውተር እናይ ጀመር። አባቴ ኳሱን በእጅ ወደፊት መወርወር ክልክል መሆኑን ሲሰማ፣ «ወደፊት ለመሄድ ወደኋላ ይወረውራሉ? ምን ዓይነት ጨዋታ ነው!» አለ፤ ግን አንድም አላመለጠውም።

መጀመሪያ አሜሪካ ለብሔራዊ ቡድኗ ጠራችው፣ የተወለደው ኦክላንድ ነዋ። አባቱ ዜግነት ሲቀበሉ የለበሱትን ኮት ለብሰው የልጃቸውን ፎቶ ሳሎን ሰቀሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የወላጆቹ አገር ቶንጋ ስትጠራው እሺ አለ። የዚያን ቀን እናቱ ኮሪደሩ ላይ ወጥተው ሲጮኹ እሳት የተነሳ መስሎን ሁላችንም ወጣን። እናቴ ድፎ ዳቦ ይዛ ወረደች፤ ትንሽ ቆይታ ዳቦውን እንደያዘች ተመለሰች።

«እሷ ኩሽና ውስጥ ትጨፍራለች፤ እሱ ፓርኪንጉ ላይ መኪናው ውስጥ ብቻውን ተቀምጧል» አለች። «እንኳን ደስ ያላችሁ ልበል ወይስ እግዚአብሔር ያጽናችሁ? እኔ ግራ ገባኝ።»

አባቱ «ያሳደገችህን አገር ትተህ!» ብለው ስልክ እንደዘጉበት ኋላ ሰማን። ከዚያ ወዲያ ሲዮኔ ሲደውል ስልኩን ለሚስታቸው ያቀብላሉ እንጂ አያናግሩትም፤ ጨዋታውም በቤታቸው እንዳይከፈት ሆነ።

ሲዮኔ ለቶንጋ የመጀመሪያውን ጨዋታ ባደረገ ማግስት፣ ቅዳሜ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። የሲዮኔ አባት የመፍቻ ሣጥናቸውን ይዘው ቆመዋል።

«የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አለ ብለውኛል» አሉ በእንግሊዝኛ።

«ኧረ የለም» ብዬ ልመልሳቸው ስል አባቴ ከሶፋው ተነሳ። «እንዴ፣ አለ እንጂ! ይግቡ፣ ይግቡ» ብሎ ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጣቸው። የቶንጋ ልጆች ከጨዋታው በፊት ተሰልፈው ደረታቸውን እየመቱ ሲጮኹ አባቴ ጭኑን መትቶ «ይሄማ ፉከራ ነው!» አለ፤ እሳቸው ሣጥኑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩ። ሲወጡ ለማንም እንዳንናገር አስማሉን፤ ለሚስታቸውም፣ ለሲዮኔም። በጣም የሚገርመው፣ ሲዮኔ ለቶንጋ በተጫወተ ቁጥር ያ ቧንቧ ያንጠባጥብ ነበር።

እንዲህ ሦስት ዓመት ሄደ። ከዚያ በአንዱ ጨዋታ ሲዮኔ ላይ ሦስት ሰዎች ወደቁበት፤ ሲነሱ እሱ አልተነሳም። አባቱ ሣጥናቸውን አንስተው በሩን እንኳ ሳይዘጉ ወጡ። የጉልበቱ ጅማት ሁለት ቦታ ተበጠሰ፣ ክለቡም አሰናበተው። በዓመቱ አባቱ በልብ ድካም ሲያርፉ በክራንች መጣ። ለቅሶው ላይ ልነግረው ወደሱ ስሄድ አባቴ ክንዴን ጨበጠኝ፤ ሳልነግረው ተመለስኩ። 

አሁን አፓርትመንቱ ተሽጧል፣ አባቴም ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው። ሲዮኔ ከክሊኒኬ ብዙ በማትርቀው ኒውአርክ አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እዚያው ሰፈር ሜዳ ላይ ልጆች ያሰለጥናል። ከሊፍቱ በኋላ ባለው ቅዳሜ ሄድኩ። እያነከሰ ኳስ ሲወረውር አየሁት፤ ያን ሁሉ ዓመት ስንከታተለው ኖረን፣ ኳስ ይዞ በዓይኔ ሳየው ይህ የመጀመሪያዬ መሆኑ እዚያ ቆሜ ነው የታወቀኝ። ልጆቹ ሲበተኑ ሁሉንም ነገርኩት።

ሣር ላይ ተቀመጠ። ሳቀ፣ ከዚያ ፊቱን በማልያው ሸፈነ፣ ከዚያ ተቆጣኝ።

«ለቶንጋ ስጫወት አንድም አላየልኝም ብዬ ነው የቀበርኩት! እንዴት አትነግሪኝም?»

«አስምለውን ነበር።»

«ከሞተ በኋላስ?»

አጠገቡ ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሲያይ ምን ይል ነበር?» አለኝ።

«ኳሱ እጅህ በገባ ቁጥር አንድ ነገር ይሉ ነበር፣ በቶንጋኛ። ሁልጊዜ ያቺኑ ቃል፣ ቀስ ብለው።»

«ምን የምትል?»

ቃሉን ሦስት ዓመት ሙሉ ከጎናቸው ተቀምጬ ሰምቼዋለሁ፤ ትርጉሙን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም። በጆሮዬ የቀረውን ድምፅ ሰብስቤ አልኩለት። ግንባሩን አኮማትሮ አዳመጠ።

«እንደሱ የሚባል ቃል የለም» አለ። «እስቲ ድገሚው።»

ደገምኩት፤ ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው ጋር አልገጠመም።